ሁለት ልጅ በአንድ ጆይስቲክ

ባለፈው ቅዳሜ ጂንካ ላይ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ገበያው ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ ትንሿን ጄኔሬተር ሊያስነሳ ገመዷን ሲስባት አንዴ አስነጥሳ ዝም አለች፣ ደግሞ ሳባት፣ አስነጥሳ ዝም አለች፣ በመጨረሻ ተንዘፍዝፋ ተነሳችና የቤንዚን ሽታዋን በሩ ላይ ለቀቀችው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ወደ ውጭ ሲሸሽ እኔ፣ የልጆች እናት፣ በሥርዓት አክባሪነቴ የምታወቅ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ሽታ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ባለሱቁ ደንግጦ "መምህርት፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት እንጂ ምን ብዬ ላስረዳው? ለእኔ ቤንዚን ማለት ቅዳሜ ነው፣ የጋሽ ደሳለኝ ቤት ነው፣ ጉሬዛ ነው።

ጋሽ ደሳለኝ በሰፈራችን የመጀመሪያውን ጌም ቤት የከፈተ ሰው ነበር። ዕድሜውን በጭነት መኪና ሹፌርነት ከገፋ በኋላ ወገቡ ሲያስቸግረው መኪናውን ትቶ፣ አውሮፕላን ሜዳው ፊት ለፊት ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የጌም ማጫወቻ፣ የሚንቀጠቀጡ አግዳሚ ወንበሮችና አንዲት ጄኔሬተር አስገባ። ያኔ የከተማው መብራት ሲመሽ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ስለነበር በጠራራ ፀሐይ ቴሌቪዥን የሚያበራ ቤት በራሱ ተአምር ነበር። ቅዳሜ ገበያተኛው ከየአቅጣጫው ወደ ከተማ ሲጎርፍ እኛ ልጆች ወደዚያ በር እንጎርፋለን። ከሐመርና ከበና ለገበያ የመጡ ጎረምሶች ሳይቀሩ በርኮታቸውን፣ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው፣ እሷ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ነገር ገደል በገባ ቁጥር እንደዚያ የምንጮህበት ምክንያት ግራ ገብቷቸው ይስቁብን ነበር።

ጉሬዛ የጨዋታው እውነተኛ ስም አልነበረም። ማጫወቻው ላይ የሚሰካው ካሴት ላይ የተጻፈው ማናችንም በማናውቀው ፊደል ስለነበር እውነተኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ጅራቱ የረዘመ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ጸጉር የሚርገፈገፍ ጥቁር ዘላይ ፍጥረት ስለነበር፣ ከጫካ የሚያውቁት ልጆች ገና ቴሌቪዥኑ እንደበራ "ጉሬዛ!" ብለው ጮኹና ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሥራው መሮጥና መዝለል ነው፤ ከግንድ ግንድ፣ ከገደል ገደል እየዘለለ፣ ፍራፍሬ እየለቀመ፣ ቤቱን የዘረፈውን ትልቅ ጭልፊት ያሳድዳል። ትልቁ ነገር ግን ጉሬዛዎቹ ሁለት መሆናቸው ነበር። ሁለት ልጅ በሁለት ጆይስቲክ እኩል ይጫወታል፤ አንዱ ሌላው ራስ ላይ ወጥቶ ከፍ ያለውን ፍሬ ያወርዳል፣ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ሲንጠለጠል ሌላው ጅራቱን ይዞ ይጎትተዋል። ነሪ ወንዝ ሲሞላ እጅ ለእጅ ተያይዘን የምንሻገር ልጆች ስለነበርን ይህን ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገንም።

የእኔ ባልደረባ ይበልጣል ነበር። አባቱ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እኛ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ስለነበር እኔና ልጃቸው ከአንድ ቧንቧ ውኃ እየቀዳን፣ በአንድ ድንጋይ እየተደናቀፍን ነው ያደግነው። ይበልጣል ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ ሲሸነፍ ጥፋቱን ሁሉ በጆይስቲኩ የሚያላክክ ልጅ ነበር። እኔ በቤትም በትምህርት ቤትም ዝምተኛ የምባል ነበርኩ፤ ዝምታዬ የጋሽ ደሳለኝን ደፍ እስክረግጥ ድረስ ብቻ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ለመዝሙር ልምምድ የምሄድ ይመስላት ነበር፤ እውነትም እሄዳለሁ፣ ከጌም ቤት በኋላ። ስጮህ ውዬ ድምፄ ጎርንኖ ስለምደርስ የመዘምራኑ መሪ ተፈጥሮዬ መስሏቸው ከወፍራም ድምፆች ጋር ከኋላ ረድፍ አሰለፉኝ፤ እዚያው ቆሜ አደግኩ።

የመጀመሪያውን ጉሬዛ ጨርሰን፣ ደግመን ጨርሰን፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳናይ መጫወት ስንጀምር፣ ጋሽ ደሳለኝ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ሁለተኛው ክፍል መውጣቱን ነገረን። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። አንዱ ልጅ በሁለተኛው ክፍል ጉሬዛ ክንፍ ያወጣል ሲል ሌላው የለም፣ ሞተር ሳይክል ይነዳል ይላል፤ ዱስ መንደር ዘመድ ያለው አንድ ልጅ ደግሞ ጉሬዛ ኦሞ ወንዝ ወርዶ ከአዞ ጋር ሲታገል በዓይኑ ያየ ሰው እንዳለ ምሎ ተገዝቶ ነገረን። ገና ባልመጣ ጨዋታ ስንት ጊዜ ተጣልተን ስንት ጊዜ ታረቅን።

ካሴቱ በአንድ አይሱዙ ሹፌር እጅ ከአርባ ምንጭ መጣ። ሽፋኑ ላይ ሁለቱ ጉሬዛዎች ጅራት ለጅራት ተቆላልፈው ይስቃሉ። ጋሽ ደሳለኝ እንደ ልማዱ እፍ እፍ ብሎበት ሰካው፤ እኔና ይበልጣልም ቤቱ በሙሉ ድምፅ የመረጠን የመጀመሪያ ተጫዋቾች ሆነን ወንበሩ ላይ ተሰየምን። ሙዚቃው ተጀመረ፣ ጫካው ታየ፣ ጉሬዛም ወጣ፤ አንድ ብቻ። ይበልጣል የያዘውን ጆይስቲክ ቢጫን ቢጫን ምንም የለም። "ቆይ፣ ይመጣል" አሉ ከኋላችን። ወደፊት ሄዶ እየጠበቀ ይሆናል ብለን ፍራፍሬውን ሳንለቅም፣ ጠላቱን ሳንመታ፣ የጠፋውን ጉሬዛ ፍለጋ በየቅርንጫፉ ተንከራተትን። ከወንበሮቹ አንዱ ላይ የነበረ ልጅ "ቅዳሜ አይደል፣ ገበያ ወርዶ ይሆናል" አለ። ጋሽ ደሳለኝ በበኩሉ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ነው ብሎ ወስኖ ነበርና ጨዋታውን አስቁሞ በዊንዲቨር ፈታታው፣ በቤንዚን አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ እኛም እህል የተሰጣ ይመስል ዶሮ እንዳይነካው ዙሪያውን ከበን ጠበቅን። ደርቆ ሲገጠምም ያው ነው። በመጨረሻ ጋሽ ደሳለኝ ሽፋኑን አንስቶ ሁለቱን ጉሬዛዎች ትኩር ብሎ አየና ቅር አለው። "ጓደኛውን ጥሎ የሚመጣ! ይኼ ምኑን ጉሬዛ ሆነ?" አለ።

እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ጉሬዛ ቆንጆ ነበር። የመጀመሪያው ጫካ ሁሌ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሲሆን በዚህኛው ይዘንባል፣ ይጨልማል፣ ይነጋል፤ ጉሬዛ ሲዘንብበት ጸጉሩን ያራግፋል፤ ይህን ለማየት ብቻ ዝናብ ውስጥ አቁመነው እንስቅ ነበር። ዋና ተምሯል፣ ሐረግ ይዞ ይወዛወዛል፣ ግንድ ውስጥ የተደበቀ በር ያገኛል። ሙዚቃው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነው አይባልም፤ ዛሬም የፈተና ወረቀት ሳርም አፌ ላይ ይመጣል። ያሳዘነንም ብዙ ነው። ዝላዩ ሳሙና የረገጠ ሰው ዝላይ ነው፤ ያረፈበት ላይ አይቆምም። ከአንዱ ጫካ መጨረሻ የሸኘነው ጭልፊት በሌላው መጨረሻ ቀለሙን ቀይሮ ይጠብቀናል፤ ሠሪዎቹ ድካማቸውን እንደዚያ ደበቁት። ይህን ሁሉ ግን ይቅር ማለት ይቻል ነበር። ይቅር ያላልነው ብቸኝነቱን ነው። ተራ በተራ ሆነ ጨዋታው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው እጁን አጣጥፎ የጓደኛውን ሞት ይጠብቃል። እኔ ይበልጣል ቶሎ እንዲሞት መመኘት ጀመርኩ፤ እሱም ያው ነበር፣ ፊቱ ላይ ይታየኛል።

በዚህ መሃል የይበልጣል አባት ዝውውር መጣላቸው። ስንት ዓመት ሲጠይቁት የኖሩት ነገር ስለነበር ቤታቸው በደስታ ተሞላ፤ ትምህርት እንደተዘጋ፣ ክረምቱ ጠንቶ ወንዞቹ መንገዱን ሳይቆርጡት ለመውጣት ዕቃ ማሰር ጀመሩ። እኔና ይበልጣል ስለ መለያየት አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። የተነጋገርነው ስለ ጉሬዛ ነው፤ ሁለተኛውን ሳንጨርስ፣ አብረን ሳንጨርስ አንለያይም። እንዴት እንደሚሆን ያገኘው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ጆይስቲኩን መሃላችን አድርጎ "አንቺ በግራሽ ንጂው፣ እኔ በቀኜ እዘላለሁ" አለኝ። ማስኬዱ የእኔ፣ ዝላዩ የእሱ ሆነ።

ቤቱ ተንጫጫ። ሁለት ሰው በአንድ ተራ የሚባል ሕግ የለም ተባለ፤ ጋሽ ደሳለኝም ጄኔሬተሯን አጥፍቶ እንደ ሽማግሌ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁለቱንም ወገን አዳመጠ። ቤንዚን የሚቆጥብለት ክርክር ስለነበር አልቸኮለም። በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈረደ፦ "እነዚህ ሁለት ሰው ቢሆኑም ነፍሳቸው አንድ ነው። ሲሞቱ አብረው ይነሱ። አንቺ ነሽ፣ አንተ ነህ እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ የሰማሁ ቀን ግን ሁለቱንም አባርራለሁ።"

ይህ ፍርድ አዳነን። መጀመሪያ አካባቢ እኔ "ዝለል!" ስለው እሱ እስኪሰማ ጉሬዛ ገደል ገብቷል፤ እሱ ሲዘል እኔ ቆሜያለሁ፤ ከደጃፍ የተቀመጡት ጎረምሶች በሳቅ ሞቱ። ለመጨቃጨቅ ስላልተፈቀደልን ግን ዝም ብለን መማር ነበረብን። ቀስ በቀስ ቃሉንም፣ ለብቻ በሁለት እጅ መጫወቱንም ተውነው። ትከሻዬን ትከሻው ላይ ነካ ሳደርግ ይዘላል፤ ከዚያ ያም ቀረ፤ እሱ ትንፋሹን ሲይዝ እኔ ፍጥነት እጨምራለሁ፣ እኔ ወደፊት ሳዘነብል አውራ ጣቱ ቀድማ ታውቃለች። እንደዚያ ዓይነት ደስታ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው ያገኘሁት፤ ሠርጌን ጨምሬ ነው የምናገረው፣ ባለቤቴም ያውቀዋል።

ዕቃቸው ታስሮ ባለቀበት ቅዳሜ የመጨረሻው ጫካ ላይ ደረስን። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ በቴሌቪዥኑም በቆርቆሮውም ላይ። ጭልፊቱ በዝናቡ ውስጥ እየተወረወረ ሲመጣ ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ፤ ልክ ያኔ በሩ ላይ "ማርታ! ውጪ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ነበረች። ገበያ ውላ ስትመለስ ሰው ነግሯታል፤ ጎመኗንና ሙዟን እንደተሸከመች መጥታለች። ልወጣ አልቻልኩም፤ ግራ እጄ የእኔ ብቻ አልነበረም። ሰዉን እየገፋች ጆሮዬን ልትይዝ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አርፎ ነበር። ከዚያ ሸክሟን ሳታወርድ "ከኋላሽ! ወፉ ከኋላሽ ነው፣ ሩጪ!" ብላ ጮኸች። ሮጥኩ፣ ይበልጣልም ዘለለ፣ ጭልፊቱም ድንጋዩ ላይ ተላትሞ ወደቀ። ቤቱ በጩኸት ሲፈነዳ ከሁሉ በላይ የተሰማው የእናቴ "ጌታ ይመስገን!" ነበር። ካመሰገነች በኋላ ለምን እንደመጣች ትዝ ሲላት ጆሮዬን ያዘችው።

ይህ ሁሉ የተለፋበት መጨረሻ ምን ነበር ብትሉ፣ ያው ማንም የማያነበው ጽሑፍ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ቆየና ወደ መጀመሪያው ሥዕል ተመለሰ። ሥዕል የለ፣ ግብዣ የለ፣ ጠፍቶ የነበረው ጉሬዛም አልመጣም። "በቃ? ይኼው ነው?" አለ ይበልጣል። እኛ ግን ሠሪዎቹ የከለከሉንን ድግስ ራሳችን ደገስነው፤ ያኔ ሣር ብቻ ወደነበረው አውሮፕላን ሜዳ ወጥተን፣ የሚግጡትን ላሞች እያስደነበርን፣ በሚጥለው ዝናብ ውስጥ ጸጉራችንን እንደ ጉሬዛ እያራገፍን ሮጥን። እናቴ ጆሮዬን ለቃ ጥግ ይዛ ከጋሽ ደሳለኝ ጋር ሙዝ ትበላ ነበር። በሳምንቱ እነ ይበልጣል ሄዱ። ግቢው ጭር አለብኝ፣ ብዙ ቀን አለቀስኩ።

ዛሬ ይበልጣል ባሕር ዳር ነው፤ እንደ አባቱ ሒሳብ ያስተምራል። ለበዓል እንደዋወላለን፤ ልጆቻችን ፊት ሁለተኛውን ጉሬዛ ያሸነፍን ጀግኖች ነን እያልን ስንፎክር ዓመታት አልፈዋል። ፉከራው የሰለቻት ትልቋ ልጄ በቀደም ያንኑ ጨዋታ ስሙን ሳታውቅ ከወሬያችን ብቻ ተነስታ ከኢንተርኔት ፈልጋ ስልኬ ላይ ጫነችልኝና "በይ አሳዪኝ" አለችኝ። በግራ አውራ ጣቴ ነዳሁት፤ መንገዱ አልጠፋኝም፣ ሐረጉም የተደበቀውም በር የት እንዳለ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ገደል ጋ ስደርስ ግን ቀኝ እጄ ዝም አለ። ጉሬዛ ገደል ገባ። ደገምኩ፣ ገባ። ልጄ "እማ፣ መዝለያውኮ በቀኝሽ ነው" አለች፤ እሱንማ አውቃለሁ፤ እጄ ነው የማያውቀው።

እየሳቅኩ ለይበልጣል ደወልኩለት። ስነግረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እሱም ከዓመት በፊት ለልጆቹ ሊያሳይ ሞክሮ እንደነበር ነገረኝ። "እኔማ ባለሁበት ቆሜ እዘላለሁ፤ አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ አቃተኝ" አለ። ዕድሜ ልካችንን ጨረስነው እያልን ስንፎክር፣ ለካ አንዳችንም ለብቻችን አንዲት ገደል እንኳ መሻገር አንችልም።