በቦርሳ የቀረ የቤት ሥራ

ቨርሊን ቴት የሰው ቦርሳ መበርበር ነውር መሆኑን ስለምታውቅ ባለቤቱ ራሱ እንዲዘረግፈው ታደርጋለች። በደቡብ ቺካጎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቀጠረችው የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ከመንገድ እንዳይወጡ እንድትጠብቅ ነው። በየአምስት ሳምንቱ መውደቃቸው የሚያሰጋ ልጆች ስም ዝርዝር ይደርሳታል። በዘጠነኛ ክፍል በሁለት ዋና ትምህርቶች ኤፍ አግኝቶ የወደቀ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የመመረቁ ነገር ያጠራጥራል። ቨርሊን ይህን ለማወቅ ዝርዝር አያሻትም፤ የገዛ ልጇ ሮድኒ ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈም።

በጥር ወር ዝርዝሩ ላይ ኬዮና ብራክስተን ነበረች። ባዮሎጂ ወድቃለች፤ እሱ አልቆለታል። አሁን አልጄብራንም ልትወድቅ ነው። ውጤት የሚዘጋው ዓርብ ሲሆን ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

«የኔ እመቤት፣ የአልጄብራው ሚስተር ዶምብራውስኪ አሥራ አራት የቤት ሥራ አላስረከበችም ይላል። ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

ኬዮና የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጠመዘዘች።

«ምላስሽን ቤት ረሳሽው እንዴ?»

«ሠርቻለሁ» አለች ኬዮና ወለሉን እያየች።

«እስቲ ቦርሳሽን ዘርግፊው።»

ነጠላ ጓንት ወጣ፤ ባዶ የቺፕስ ከረጢት ወጣ፤ ከሥር ደግሞ የተጨማደደ ወረቀት። ቨርሊን በመዳፏ እያቃናች ደረደረችው። አሥራ አራቱም አሉ፤ ስምና ቀን ሳይቀር ተጽፎባቸዋል።

«ታዲያ ምነው ሳትሰጪው?»

«አልጠየቁኝማ። በድሮው ትምህርት ቤቴ ቲቸር በየወንበሩ እየዞረች ነበር የምትሰበስበው። እሳቸው አይዞሩም።»

«በሩ ሥር ያለው ሳጥንስ?»

«እሱ የቆሻሻ ወረቀት መጣያ አይደል?»

ቨርሊን ሳቋ መጣና ወዲያው ጠፋ። ዶምብራውስኪ ስለ ሳጥኑ የሚናገረው ትምህርት በተጀመረበት ቀን ብቻ ነው። ኬዮና ግን የክፍል ድልድሏ ተሳስቶ እሱ ዘንድ የገባችው በአራተኛው ቀን ነበር። በኋላ ግራ ሲገባትም መጠየቅ አፈረች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ግን በደንብ ይነቅዛል።

ዶምብራውስኪ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረ፣ ሕግ የሚወድ ሰው ነው። ቨርሊን ያመጣችለትን ወረቀቶች ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«ቨርሊን፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ አልቀበልም። ታውቂያለሽ።»

«አንብበው እንጂ ተቀበል መች አልኩህ?»

«የምትሠራ ልጅ ብትሆን ትናገር ነበር።»

«እኔም ስለ ልጄ እንደዚያ ነበር የምለው» አለች ቨርሊን። «አስተማሪዎቹ ሰነፍ ነው አሉኝ፣ እኔም ሰነፍ ነህ አልኩት። አንድ ቀን እንኳ ቦርሳውን አላየሁም።»

ዶምብራውስኪ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ፣ «ይሄን እኮ በራሷ መንገድ ነው የሠራችው» አለ። ከዚያ በኋላ ቨርሊን ትታው ወጣች፤ ሥራ ያለበትን ሰው ማስወራት አትወድም።

ዓርብ ለኬዮና ዲ ተመዘገበላት። ዲ የሚያኮራ ውጤት አይደለም፤ ግን ያሳልፋል። ኬዮና መጥታ፣ «ሚስ ቴት፣ ዲ እኮ ነው» ብላ አፏን አጣመመች። «በሰኔ ቢ አድርገሽ ነይና አኩርፊኝ» አለቻት ቨርሊን።

ሰኞ ጠዋት ቨርሊን የቀሩ ልጆችን ስም ልትወስድ ወደ አልጄብራው ክፍል ብቅ ስትል ዶምብራውስኪ በወንበሮቹ መሀል እጁን ዘርግቶ ይዞራል። «ቦርሳ ክፈቱ። የድሮም ቢሆን አምጡት፤ ዛሬ አልቆጣም» ይላል። ከኋላ ረድፍ አንድ ረጅም ልጅ ግራ ቀኙን አየና አንድ እቅፍ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከፊቱ ያለችውም አወጣች። ዶምብራውስኪ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ቨርሊን ኮሪደር ወጥታ ስልኳን አወጣች። ሮድኒ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የዳቦ መኪና ይነዳል።

«ሮድኒ፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለህ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር?»

ሮድኒ የመኪናውን ሞተር አጠፋ።

«አብዛኛውን» አላት። «ምነው እማ?»

«ይቅርታ ልልህ ነው» አለችው።