በአፍንጫ የሚጠበቅ በር

ከመጠጥና ከሌላም ሱስ ሕክምና የወጡ ወጣቶች ወደየቤተሰባቸው ከመመለሳቸው በፊት ስድስት ወር የሚከርሙበት አንድ ቤት አለ። አሥራ ሁለት አልጋ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ ሁለት መታጠቢያ፣ አንድ የብረት በር። በሩን የሚጠብቁት ሰውዬ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ልጆቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሼ አፍንጫ»። ሰውዬው ይህን ያውቃሉ። አውቀውም እንዳልሰሙ ያልፋሉ፤ በጎልማሳነታቸው ከዚህ የከፋ ስም ወጥቶላቸው ነበርና።

ስሙን ያመጣባቸው ሥራቸው ነው። ልጆቹ በየቀኑ ከሥራ ሲመለሱ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ ያቅፏቸዋል። ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ «እንዴት ዋልክ ልጄ?» ይላሉ፣ ልጁም «ደህና ዋልኩ ጋሼ» ለማለት አፉን መክፈቱ ግድ ነው። ያኔ ጋሼ አየሩን ሳብ ያደርጋሉ። ሎሚ የመጠጠ፣ ማስቲካ ያኘከ፣ ሽቶ ውስጥ የተነከረ፣ ማንም አያመልጣቸውም። የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የትናንቱንም ቢራ ይለያሉ ይባልላቸዋል፤ ይቺ እንኳ ትንሽ ተጋናለች። ጠጥቶ የተገኘ በዚያው ቀን ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ ከወር በኋላ ተመልሶ ስድስት ወሩን ከአንደኛው ቀን መጀመር ይችላል። ደንቡን ያወጣችው ቤቱን የምታስተዳድረው፣ ድሮ ነርስ የነበረችው ሲስተር ናት። ሸኚው ግን ጋሼ ናቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ስንቱን ሸኝተዋል። ከተሸኙት ውስጥ ተመልሰው የመጡ አሉ፤ መርዷቸው የመጣም አሉ። እና ጋሼ ደክሟቸዋል። የሚወዱትን ልጅ በየቀኑ እንደ ሌባ እየፈተሹ መውደድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ይጨርሳል።

የዛሬ ሁለት ወር ጉንፋን ጣላቸው። ሳምንት ሙሉ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ከርመው ተነሡ፤ ጉንፋኑ ሲሄድ ግን ብቻውን አልሄደም። ነገሩን ያወቁት ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ድንች ሲልጡ ነው። ምግብ አብሳይዋ ከጓሮ እየሮጠች መጣችና፣ ሽንኩርቱ ከሰል እስኪሆን ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብለው ዝም ማለታቸው ምን የሚሉት ቀልድ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ዞረው ድስቱን አዩ። ጭሱ ይታያል፤ ሽታው የለም። በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ነው ብለው አለፉት። ከዚያ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉና ሳሙናውን አሸተቱ፣ የጫማ ቀለሙን አሸተቱ፣ በመጨረሻም ሳይታጠብ የቆየ ካልሲያቸውን አፍንጫቸው ላይ ለጠፉ። ምንም።

ለማን ይናገሩት? የሚኖሩባት ክፍል ከበሩ ሥራ ጋር የምትሰጥ ናት፤ በሩን የያዘ አልጋዋንም ይይዛል። ሌላ ቤት የላቸውም። ቤታቸውንም ትዳራቸውንም በጎልማሳነታቸው ጠጥተው ጨርሰውታል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ አግብታ ወልዳለች፣ አንዳንዴ ትደውላለች፤ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ፊት የላቸውም። ስለዚህ አፋቸውን ዘጉ። በአፍንጫቸው ፈንታ ዓይንና ጆሯቸውን አሠማሩ። ልጁ የጫማ ክሩን ለመፍታት ስንት ጊዜ ፈጀበት? ሰላምታው ከወትሮው ረዘመ? ደረጃውን ሲወጣ እግሩ ያዝ ያዝ ያደርገዋል? በዚህ ዘዴ አንዱን ይዘዋል። ልጁ አምኖ ባይቀበል ኖሮ ግን ምን ይውጣቸው እንደነበር እንጃ። የቀሩትን እያቀፉ፣ እየሳሙ፣ በግምት ያስገባሉ። አንድ ቀን በግምት ያስገቡት ልጅ አልጋው ላይ ሞቶ ቢገኝስ የሚለው ሐሳብ ምግብ ከዘጋባቸው ሰነበተ።

ከልጆቹ አንዱ ሴራሚክ ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ስሙን ያወጣለት ሙያው ነው። ግድግዳና ወለል ላይ ሴራሚክ ይለጥፋል። ቃል ሲያወጣ የሚከፈልበት የሚመስለው ዝምተኛ ልጅ ነው። ሰሞኑን ታዲያ ማንም ሳያዘው፣ እሁድ እሁድ፣ የምድር ቤቱን መታጠቢያ ወለል እየነቀለ እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። ከሥራ ቦታ የተረፉ፣ ቀለማቸው እርስ በርሱ የማይገጥም ሴራሚኮች በከረጢት ተሸክሞ ይመጣል። ጋሼ ውሃ እያቀበሉ፣ ስብርባሪ እያወጡ ያግዙታል።

በሦስተኛው እሁድ ረፋድ ላይ ጋሼ የዕረፍት ቀኑን ለምን እንዲህ እንደሚፈጀው ጠየቁት። ልጁ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው» አለ። «ያን ቅዳሜ ላደረጉልኝ ነገር።»

ጋሼ የትኛውን ቅዳሜ እንደሆነ አላወቁም።

«አሠሪያችን ሕንፃውን ያስረከበ ዕለት። ሁለት ቢራ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። እንደምባረር ቆርጬ ነው የገባሁት። እርስዎ ግን አቀፉኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና ‹እጅህን ታጠብና ብላ› አሉኝ። አውቀው እንደማሩኝ ገባኝ። ይኸው ሃያ ሁለት ቀኔ ነው፣ በአፌ አልዞረም። አምሮቱ ሲመጣብኝ፣ እኚህን ሰውዬማ አላዋርድም እልና እተወዋለሁ።»

ጋሼ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። መልካም ሰው ተብለው በሰው አፍ ሲነገሩ ከስንት ዘመን በኋላ መሆኑ ነው! ደስ አላቸው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈራቸው። ያን ቅዳሜ ሸቷቸው ቢሆን ኖሮ ልጁን በዚያው ሰዓት ነበር የሚያስወጡት። ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እሱ አንድ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ በዚሁ ደረት ላይ ጠጥቶ የመጣ ሌላ ስንት ሰው አልፎ ይሆን?

«ልጄ፣ አልማርኩህም» አሉት። «አልሸተተኝም። ከዚያ ከጉንፋኑ ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አይሠራም።»

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊታቸውን አየና ሳቁን ዋጠው።

«ታዲያ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ማንን ነበር የማፍረው?»

እንዲህ ባለ ጊዜ ሽማግሌ አንድ የሚያጽናና ነገር ጣል ማድረግ ነበረበት። ጋሼ ግን ስብርባሪውን ወደ ከረጢት መክተት ያዙ።

«አሁንስ?» አለ ልጁ። «አሁን እንግዲህ አወቁ።»

«አሁን አወቅሁ» አሉ ጋሼ።

ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ፤ በሲሚንቶ የጨቀየ ሱሪያቸውን ቀይረው ሲስተር ጋ ሊገቡ ነው። የአፍንጫውን ነገር መናገራቸው ቁርጥ ሆኗል። ስለ ልጁ ግን ምን እንደሚሉ ገና ከራሳቸው ጋር አልተስማሙም።

ቢሮው ሲደርሱ ልጁ ቀድሟቸዋል። እጁን ሳይታጠብ ሲስተር ፊት ቆሟል። ሲስተር ሁሉንም እንደነገራት አስረዳቻቸው፤ ሁለት ቢራ ጠጥቶ መጥቷል፣ በር ላይ ትንፋሹን ይዞ፣ ፊቱን አዙሮ አታሏቸዋል፣ በጋሼ በኩል ምንም ጥፋት የለም።

«እርስዎን የሚያታልል ሰው ይገኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም» አለች። በነገር መውጋቷ አልነበረም፤ ከልቧ ገርሟት ነው።

ልጁ ወለሉን ያያል። ሁሉን ነገር አመቻችቶላቸዋል፤ የቀረው ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። አንዴ ቢነቀንቁ ክፍሏም አልጋዋም የእሳቸው ናቸው። ጋሼ ግን ያችን ታህል ውሸት የሚሸከሙበት ጉልበት አጡ።

«ትንፋሹን አልያዘም» አሉ። «አፉን ሞልቶ ነው ደህና ዋልኩ ያለኝ። አፍንጫዬ ነው የማይሠራው፤ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ደብቄ ነው።»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ እንደገና አወለቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች ተናገረች። ደንብ ደንብ ነው፤ ልጁ ዛሬ ይወጣል፣ ከወር በኋላ በሩ ክፍት ነው። ጋሼን በተመለከተ፣ እዚህ ቤት በር ላይ የማያሸት ሰው ማቆም አትችልም፤ ሌላ ሰው እስኪገኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያሉ፣ ክፍሏንም ያን ጊዜ ይለቃሉ። አዝናለች፣ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም።

ልጁን የት እንደሚያርፍ ጠየቀችው። እናቱ ገና በር እንደማትከፍትለት፣ አዲሱ የሥራ ቦታ ካለው ዕቃ ቤት እንደሚያድር ነገራት። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ ያንኑ ጠየቀች።

ጋሼ የሸኙትን ሁሉ ይህን ሳይጠይቁ ሸኝተው አያውቁም። የእውነቱን መልስ ከውሸቱ በድምፁ ይለያሉ። አሁን ግን ተጠያቂው ራሳቸው ናቸው።

ልጁ እጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣ «ዕቃ ቤቱ ለሁለት ሰው ይበቃል» አለ።