የጋሽ አጣሂር እጅ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እዚሁ አሶሳ የሆነ ነገር ነው። ያንን ወር ባሰብኩ ቁጥር ጋሽ አጣሂር ይናፍቁኛል።

የምሠራው የወባ ትንኝ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። ትንኟ ወባ መያዟን ለማወቅ በማይክሮስኮፕ እያዩ በቀጭን መርፌ የምራቅ ዕጢዋን ማውጣት ያስፈልጋል። ዕጢው ከአቧራ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ እጅ ትንሽ ከሳተ ይፈርጣል። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ አጣሂር ናቸው። የአፍ መፍቻቸው በርታኛ ስለሆነ፣ ሴት ብሆንም ሁልጊዜ “አንተ” ነበር የሚሉኝ። ለምጄው ስለነበር አላርማቸውም።

ኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት ሦስት ዕጢ በተከታታይ ፈረጠባቸው። መርፌውን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ቤት ተመደቡ። ምን እንደምላቸው ስለማላውቅ በበሩ ሳልፍ አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚያ ክረምት ተመራማሪ እንግዶች ለአንድ ወር ሙከራ ሮቦት ይዘው መጡ። ሰው መያዣውን ያንቀሳቅሳል፤ ሮቦቱ የእጁን መንቀጥቀጥ አስቀርቶ መርፌውን በዝግታ ይመራል። ያኔ ባምባሲ አካባቢ አጎበር ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች ሳይቀሩ በወባ ይታመሙ ስለነበር፣ ከዚያ የተያዙ ትንኞች ተላኩልን። ሮቦቱ መንቀጥቀጥን እንጂ ችኮላን አያስቀርምና፣ እኔ ቸኩዬ አብዛኞቹን አበላሸሁ። አራት ብቻ ሲቀሩ መዝገብ ቤት ሄጄ ጋሽ አጣሂርን ለመንኳቸው።

“ልጄ፣ ይሄ እጅ ሻይ እንኳ ያፈሳል። አንተ ሥራ” አሉኝ።

እሳቸው ካልመጡ አልነካም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

መጡ። መጀመሪያ ትንኝ አልነኩም። መያዣውን ወዲያና ወዲህ እያደረጉ፣ መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ሲሄድ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የአራቱንም ዕጢ አንድም ሳይፈርጥ አወጡ። በመጨረሻዋ ትንኝ ውስጥ የወባውን ተሕዋስ አገኘነው። ውጤቱ ባምባሲ ደርሶ በሳምንቱ የአካባቢው ቤቶች የትንኝ መድኃኒት ተረጩ።

ወሩ ሲያልቅ ሮቦቱ ተጭኖ ሄደ። ጋሽ አጣሂር ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

“ያን ጊዜ ሥራውን ሳልሰናበት ነው የወጣሁ” አሉኝ። “አሁን ተሰናበትኩ።”

ዘንድሮ ጡረታ ወጥተው ገጠር ገብተዋል። አልፎ አልፎ እደውልላቸዋለሁ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላቸው እናወራለን። እኔም እጄ ረግቷል፤ ዛሬ ዕጢውን በመርፌ ብቻ አወጣዋለሁ። ሲሳካልኝ ግን የማሳየው ሰው አጠገቤ የለም።