አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በሁለት እጅ

መኪናውን ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ፓርክ ሳደርግ እማማ ቀበቷቸውን አልፈቱም። ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አነባብረው በሩን ትክ ብለው ያያሉ።

«ቃልሽን ድገሚልኝ» አሉኝ።

«ራስዎን ማንም አይነካም።»

«ሌላስ?»

«ደስ ካላለዎት ወዲያው እንወጣለን። ማንንም አንሰናበትም።»

«ጥሩ። ቁልፉን ቦርሳሽ ውስጥ እንዳትከቺው። በእጅሽ ያዢው።»

ያዝኩት።

እማማ የምላቸው እኔ ነኝ እንጂ አበሻ አይደሉም። የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ልጅ ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበሩት ሰዎች ዘር። ሜስኪት የምትባል ከተማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እኔ ኬርጊቨራቸው ነኝ፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እኔ ግን ሁልጊዜም በሆዴ አንቱ ስለምላቸው እዚህም እንደ ሆዴ እጽፋለሁ። «እማማ» ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ «ሰው ካወጣልኝ ስም ሁሉ ይሻላል» አሉኝ።

ምን ለማለት እንደፈለጉ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰውነታቸውን አጥባለሁ፣ እግራቸውን አሻለሁ፤ ፀጉራቸውን ግን ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ራሳቸው ናቸው የሚታጠቡትና የሚያበጥሩት። አንድ ጠዋት ፀጉራቸው ላይ ክር አይቼ ላነሳ እጄን ብሰድ፣ ዱላ የተቃጣበት ሰው እንደሚሸሽ ሸሹኝ። ከዚያ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ኦክላሆማ ውስጥ ነው የተወለዱት። የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ከእናታቸው ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ያን ጊዜ የነባሩን ሕዝብ ልጆች ከየቤታቸው እየሰበሰቡ ቋንቋቸውንና ወጋቸውን የሚያስረሱ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ አንዳንዱን መንግሥት፣ አንዳንዱን ቤተ ክርስቲያን ያስተዳድረው ነበር። የሳቸው የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም እንኳ በሌላ ስም ለወጡት። በገቡበት ቀን አንድ ሰውዬ መዳፉን ራሳቸው ላይ ጭኖ፣ ወደ ታች ተጭኖ ይዟቸው ሳለ አንዲት ሴት ፀጉራቸውን ሸለተች። ሰውዬው እጁን ሳያነሳ ይጸልይ ነበር። ሲያልቅ ጠማቸውና በሚያውቁት በአንዱ ቋንቋቸው ውሃ ጠየቁ። በእንግሊዝኛ እስክትጠይቂ ውሃ የለም ተባሉ። እንግሊዝኛ ደግሞ አንዲት ቃል አያውቁም ነበር።

ያቺን የውሃ ቃል አስተምረውኛል። ጠዋት ኪኒናቸውን ሳቀርብ ይሏታል፣ እኔም ብርጭቆውን አመጣለሁ። እዚህ አልጽፋትም፤ ለጆሮዬ ነው እንጂ ለወረቀት አልሰጡኝም።

እና ይህን ሁሉ እያወቅሁ ቤተ ክርስቲያን ይዤያቸው መጣሁ! ነገሩን የጀመረችው ሪቻርድሰን ከተማ የምትማረው ልጄ ናት። በፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ፣ እነዚያን ልጆች ለማሰብ ሰዉ ብርቱካናማ ሸሚዝ የሚለብስበት ቀን አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችም ፕሮግራም ሊያደርጉ ተነሱ።

«እማዬ፣ ሶ፣ ቪዲዮ ብቻ ማሳየት ትንሽ፣ ማለቴ፣ ይደብራል» አለችኝ። «እሷ ብትመጣስ?»

«እሷ አይባልም። እሳቸው።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። እሳቸው ብትመጣስ?»

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር ለእማማ የነገርኳቸው። ሳምንት አለፈ። ከዚያ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ልጆቹ ናቸው የጠሩኝ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው እመጣለሁ። ግን ራሴን ማንም አይንካኝ።»

ለጋሼ ደወልኩ። ጋሼ የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር አዲስ ስደተኛ ገባ ሲባል ፍራሽ ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ሰው። ነገር ግን እጅ ጭነው ሳይጸልዩለት የሸኙት እንግዳ የለም። ለኛ ከዚያ የበለጠ ክብር የለማ! ሁሉንም አስረዳኋቸው። «እሺ እህቴ፣ እሺ፣ እሺ» አሉኝ። የአገራችንን ሰው እሺ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዱ እሺ ሰምቻለሁ ነው። ሦስቱ እንዳሰብኩት አደርጋለሁ ነው።

ይኸው ነበር ያስጨነቀኝ።

ከመኪናው ወርደን በሩ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ጭንቅ ጀመረ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን አሹለው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው መጡ። ፊት ፊት እየቀደምኩ «በእጅ፣ በእጅ ብቻ» እላለሁ። አንዷ «ምነው፣ ጉንፋን ይዟቸዋል?» አለችኝ። «እኔን ይዞኛል» አልኩና አለፍኩ።

አዳራሹ በብርቱካናማ ልብስ ሞልቷል። ልጄና ጓደኞቿ ወደ ቤታቸው ላልተመለሱት ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ወንበር አስቀምጠው ትንሽ ብርቱካናማ ሸሚዝ አልብሰዋታል። እማማ አጠገቧ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሸሚዙ ትልቅ ነው» አሉ። «ከዚህ እናንስ ነበር።»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። ወጣቶቹ ያዘጋጁትን አነበቡ፤ ልጄም ስለ ትምህርት ቤቶቹ ተናገረች፣ በእንግሊዝኛም በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋም። እማማ ፊታቸው ምንም አይናገርም። እኔ ግን እሳቸውን ትቼ ጋሼን ነበር የምጠብቀው። ተቁነጠነጡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ተነሱ። ማይኩን ከልጄ እጅ ተቀበሉ።

«የተወደዳችሁ» አሉ፣ «እኚህ እናታችን የተሸከሙትን ሰማን። እንግዲህ ሳንጸልይላቸው አንሸኛቸውም። እህቶች፣ ቅረቡ፤ እጃችንን እንጫን።»

ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ። ሴቶቹ ተነሱ። እማማ አማርኛ አይሰሙም፤ ሰው ሲከባቸውና መዳፍ ከፍ ሲል ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ከዘራቸውን ሲጨብጡ የጣታቸው አጥንት ነጣ። የጋሼ እጅ ከእማማ ራስ በላይ ደረሰች።

«ጋሼ፣ አይንኳቸው!»

ጮኼ ነበር ለካ። ማይኩ ድምፄን ተቀብሎ በአዳራሹ አስተጋባው። እንኳን ሽማግሌ ላይ፣ ልጄም ላይ ሰው ፊት እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ጋሼ እጃቸው አየር ላይ ቀረች። ማይኩን ወደ ጎን አሽሽተው፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣

«ምነው እህቴ፣ ጸሎት ነው እኮ፤ ዱላ አይደለም» አሉኝ።

«ለሳቸው ሁለቱ በአንድ ቀን ነው የመጡት፣ ጋሼ። በአንድ እጅ።»

ያን ጊዜ በስልክ የነገርኳቸው ሁሉ ገና የገባቸው መሰለኝ። እጃቸውን አወረዱ፤ ግን የት እንደሚያደርጓት ጠፍቷቸው ኪሳቸው ላይ ትንከላወሳለች። ሴቶቹም ወደ ኋላም ወደ ፊትም ማለት አቅቷቸው ቆመዋል። ቁልፉን ለእማማ አሳየኋቸው። እንሂድ?

ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሱ። ጋሼ ማይኩን ቢያቀርቡላቸው አልተቀበሉም። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዩና አንዲት ቃል ተናገሩ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። ትልቅ ሰው ቆሞ ከተናገረ ምርቃት ነው፣ ምርቃት ከሆነ አሜን ነው። እኔ ግን አወቅኋት። ያቺ የጠዋት ቃል ነበረች።

እማማ ጠበቁ። ደግመው ተናገሯት፣ ከፊተኛው ዝቅ አድርገው። ጥቂት ሰዎች እየፈሩ «አሜን» አሉ። የቀሩት እርስ በርስ ተያዩ። እማማ ዓይናቸውን ወደኔ አላዞሩም። እኔ እንደማውቃት ያውቃሉ፤ እኔን አልነበረም የጠየቁት።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ምንድን ነው የሚሉት?»

«ውሃ» አልኳቸው። «ያን ቀን የጠየቁት ውሃ ነው።»

ጋሼ ማይኩን ወንበር ላይ አኖሩትና ወደ ኩሽናው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ውሃ ተደርድሮ ነበር፣ አልነኩትም። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት፣ ብርጭቆ ሲታጠብ፣ ውሃ ሲቀዳ ሁላችንም ሰማን። እስኪመለሱ የፈጀው ጊዜ እንዴት ረዘመብኝ! እማማ ይቀመጡ ብዬ ክንዳቸውን ብደግፍ አልተቀመጡም።

ጋሼ በቀኝ እጃቸው ብርጭቆውን፣ በግራቸው የቀኝ ክንዳቸውን ይዘው መጡ፤ እኛ ልጆች ሳለን ለአባቶቻችን እንደምናቀርበው። ጎንበስ ብለው ሰጡ። እማማ መጀመሪያ ያዩት ውሃውን አልነበረም። ያቺን እጅ ነው፣ ቅድም ከራሳቸው በላይ የነበረችውን። በጣም ቆዩ። እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ቁልፉን ጨበጥኩ።

ተቀበሉት።

ጠጪው እስኪጨርስ ቆሞ መጠበቅ፣ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብሎ መሄድ ደግሞ የኛ ወግ ነው። ጋሼ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። እማማም አልቸኮሉም። ይጎነጫሉ፣ ያርፋሉ፣ ይጎነጫሉ። የተነሱት ሴቶች እንደተነሱ ናቸው። አንድ ሕፃን «እማዬ፣ አለቀ?» ሲል እናቱ አፉን ያዘችው።

ብርጭቆው ባዶ ሲሆን መለሱትና ቃሏን እንደገና አሏት። ጋሼ ወደኔ አላዩም። ራሳቸው ሊሏት ሞከሩ፤ አበላሹ። እማማ አረሟቸው። እንደገና አበላሹ። እማማ ቅንድባቸውን አንስተው ቀስ አድርገው፣ ለልጅ እንደሚያስጠኑ አሏት። ጋሼ እንዳትጠፋባቸው ደጋግመው እያነበነቧት ብርጭቆውን ይዘው ወደ ኩሽና ተመለሱ። ከኋላ ወንበር ልጄ በሹክሹክታ ስትሞክራት ሰማሁ፤ ከዚያ ጎኗ ያለችው።

ስንመለስ ሀይዌዩ ላይ ትራፊክ ይዞን ነበር። ቁልፉ መዳፌ ላይ ያተመው ምልክት ገና አልጠፋም። እማማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። የሜስኪት መውጫ ጋ ስንደርስ፣

«ያ ሰውዬ» አሉ።

«አቤት፣ እማማ።»

«ውሃው ለብ ያለ ነበር። እናንተ አገር በረዶ አይጨመርም እንዴ?»

«ጥርስ ያማል እንላለን» አልኳቸው።

«ጥርስ!» ብለው አፋቸውን ከፈት አድርገው ድዳቸውን አሳዩኝ። «ደግሜ ስመጣ በረዶ ያዘጋጅ ብለሽ ንገሪው።»