ከጭራው የሚነበብ ቃል

ጭሮ ከተማ ነርሲንግ ልማር የገባሁ ጊዜ መጀመሪያ የተማርኩት መርፌ መውጋት ሳይሆን ቃል መገነጣጠል ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ቃል ይጽፉና፣ «አትደንግጡ! ቃል እንደ ዶሮ ነው፤ መገጣጠሚያውን ያወቀ ከቢላዋ ጋር አይታገልም» ይሉናል። ደንባቸው አንድ ነው፦ ከጭራው ጀምሩ። ጭራው «አይተስ» ከሆነ የተቆጣ ነገር አለ። «ኤክቶሚ» ከሆነ ተቆርጦ የሚወጣ ነገር አለ። «ኦማ» ከሆነ ዕጢ ነው፤ ከፊቱ «ካርሲኖ» ካለ ደግሞ ካንሰር ነው። ከዚያ ወደ ፊት ስትሄዱ የትኛው አካል እንደታመመ ታገኙታላችሁ።

እኔ ደግሞ ያወቅኩትን ይዤ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። አብራኝ ቤት የተከራየችውን ልጅ፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ዝግ ያለ ስለሆነ «ብራዲ»፣ ማለትም ቀርፋፋ፣ አልኳት። የሰፈራችንን በራሪ ባጃጅ ነጂ «ታኪ»፣ ማለትም ፈጣን፣ አልኩት። ለእረፍት ወደ ቤቴ ገለምሶ ስሄድ ጎረቤቱ ሁሉ የሐኪም ወረቀቱን ከፍራሽ ስር እያወጣ «ዶክተሯ መጣች!» ይለኛል፤ እኔም አፌን ሞልቼ አነብላቸዋለሁ። እናቴ ከጨርቅ ሱቋ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ደስታዋን መደበቅ አትችልም ነበር። ምናለ ያኔ ማንበብ ባልችል!

እናቴ እንቅርት አለባት። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የነበረ ነው፤ በእኛ አገር እንቅርትን ከበሽታ የሚቆጥረው የለም። በዚያ ዓመት ግን ጠጠረ፣ በአንድ ጎኑም አደገ። ጭሮ መጥታ በመርፌ ናሙና ተወሰደላትና ተመለሰች። ውጤቱ ሲደርስ የተቀበለው ወንድሟ ነው። ሐኪሙ ስላልነበረ ሰኞ ና ብለውት፣ እስከዚያ መታገስ አቅቶት ፖስታውን እንደያዘ ቀጥታ እኔ ክፍል መጣ።

«እስቲ አንብቢው» አለኝ፣ ገና በሩ ላይ ቆሞ።

ከጭራው ጀመርኩ። ኦማ። ዓይኔ ወደ ፊት አልሄድም አለ። የጎረቤቶቼን ሳነብ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ካርሲኖ። ከዚያ ታይሮይድ፣ ማለትም ያው የአንገቷ እንቅርት ያለበት ቦታ። ነገርኩት። አጎቴ አልጋዬ ላይ ዘጭ አለና ጣቱን ቀሰረብኝ።

«ለእሷ ትንፍሽ እንዳትይ። በሽታው ባይገድላት ወሬው ይገድላታል።»

ሰኞ ሐኪሙ አጎቴን ብቻውን አነጋገረው፤ በእኛ ዘንድ ለታማሚ ፊት ለፊት አይነገርም፣ ለቤተሰብ ነው። ሳይሰራጭ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ከሆነች ትድናለች፣ ግን ቶሎ ይሁን አለው። ታዲያ ምን ብለን እንውሰዳት? እውነቱ ሳይነገራትስ ማን ያሳምናት? ጣት ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። እኔን ታምናለቻ!

ቅዳሜ በሚኒባስ ገለምሶ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የዚያን ቃል ጭራ ቆርጬ ሌላ ጭራ ስቀጥልለት ነበር።

«እማዬ፣ ታይሮይዳይተስ ነው የሚለው። ተቆጥቶ ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን ቢወጣ ይሻላል ብለዋል።»

«ተመስገን!» አለች፣ የጨርቅ መለኪያ ሜትሯን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። «ከተቆጣ ይበርዳላ! ምን አስቸኮለኝ? ሱቁንስ ለማን ጥዬ? አንቺ ተመርቀሽ ስትመጪ ትቀመጪልኛለሽ፣ ያኔ እሄዳለሁ።»

ምን ልበላት? የሚያስቸኩለውን ሳልናገር እንዴት አስቸኩላታለሁ? ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ አኮረፍኳት። «ይቺን ልጅ ትምህርት አሳበዳት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አጎቴ ዘንድ ሄጄ እውነቱን እንንገራት ስለው፣ «የእናትሽን መርዶ ለራሷ ለእናትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ሻንጣዬን ይዤ ጭሮ ተመለስኩ። ዛሬም ድረስ በራሴ የምናደደው በዚያች ዝምታዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ያሳድደኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ «ዲስፎኒያ» ተማርን፦ የድምፅ መበላሸት። በዚያው ሳምንት እናቴ ስትደውል ድምፅዋ ሻክሯል። «ጉንፋን ነው» አለች። «ዲስፋጂያ» ተማርን፦ የመዋጥ ችግር። ለፋሲካ ስሄድ ሥጋውን ትታ መረቁን ብቻ ፉት ትላለች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ እኮ» አለች፣ ጉሮሮዋን እያሻሸች። ደንበኞቿ አንገቷን እያዩ በኦሮምኛ «ማል ታቴ?» ምን ሆነሽ ነው፣ ይሏታል። «ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደለም፤ ልጄ አንብባዋለች» ትላቸዋለች። ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህሩ ሊጽፉ እጃቸውን ሲያነሱ ሰሌዳውን ላለማየት ማቀርቀር ጀመርኩ። «ሜታስታሲስ»ን፣ ዕጢ ከቦታው ተነስቶ ሌላ አካል ሲገባ የሚባለውን፣ የጻፉ ቀን ደብተሬን ትቼ ወጣሁ።

የመመረቂያዬ ዓመት ሲገባ ደም አሳላት። ያኔ አጎቴ ራሱ መኪና ይዞ መጣ፤ ሱቁ ተዘጋ፣ ሦስታችንም አዲስ አበባ ሄድን። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ቤተሰብ ለብቻ አልጠራም። ወረቀቶቹን አገላብጦ እሷኑ እያየ፣ «እናቴ፣ ይሄ ካንሰር መሆኑ ከታወቀ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን የት ነበሩ? አሁን ሳንባዎ ውስጥ ገብቷል። ኦፕራሲዮን አይሆንም» አላት።

እናቴ ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች። ዞራ እኔን አየችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ብትነግሪኝ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ስለተዘጋ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት፣ «በማግስቱ እሄድ ነበር።»

አጎቴ «ኧረ እኔ ነኝ» ብሎ ሲጀምር እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስንወጣ አዲስ ወረቀት ተሰጣት። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፍ አድርጋ አለፈችኝና፣ ኮሪደሩ ላይ ወደቆመች፣ አይታት ወደማታውቅ ነርስ ሄደች።

«ልጄ» አለቻት፣ «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ።»