ሁለት ቋንቋ፣ አንዲት ሚስት

እጣ ወጥቶልን ገላን ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በራችንን አንኳኳች። አማርኛና ኦሮምኛ እኩል የሚናገር ሰው ስትፈልግ ጎረቤት እኔን ጠቁሟት ነው።

«ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው የቃልን ትርጉም ጭንቅላቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው አንድ ቦታ ነው ወይስ ሁለት ቦታ? የማጠናው ይሄንን ነው» አለችኝ።

ሥራው ቀላል ነው። እሷ ቃል ትጠራለች፤ እኔ ሳላስብ መጀመሪያ የመጣልኝን እናገራለሁ። ባለቤቴ ፅጌ ኦሮምኛ ስለማትሰማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስሯን ትለቅማለች።

በአማርኛ ጀመርን። «ቤት» ስትለኝ «እጣ» አልኩ። «ውሃ» ስትለኝ «ጀሪካን» አልኩ። «ፍቅር» ስትለኝ «ፅጌ» አልኩ። ፅጌ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

ከዚያ እነዚያኑ ቃላት በኦሮምኛ ጠራቻቸው። ለቤት እናቴ መጣችልኝ። ለውሃ የአቃቂ ወንዝ መጣልኝ። ፍቅር ላይ ስንደርስ አፌ ቀደመኝና «ጫልቱ» አልኩ።

ተማሪዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ ፅጌ ዞረች።

«ጫልቱ ማለት እንግዲህ በኦሮምኛ...» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

ፅጌ ዓይኗን ከምስሩ ላይ አላነሳችም።

«ሁለት ቦታ ነው ብለሽ ጻፊ፣ የኔ እህት» አለቻት።