ደቦ የሚጠራው ካርድ

የሳሙና ካርቶን ሽታ ዛሬም ባለሁበት ያስቆመኛል። ባለፈው ሳምንት በነቀምቴ ገበያ ዳር ሳልፍ አንድ ባለሱቅ ባዶ ካርቶኖቹን በጉልበቱ እየተጫነ ሲያጥፍ፣ ያ ጉሮሮ የሚከረክር የልብስ ሳሙና ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ መጣና፣ የልጅ እናት መሆኔን ረስቼ «አንዱን ስጠኝ» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ለምን ቢለኝ «ካርድ ልቆርጥበት» ብዬ መሳቂያ እሆን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክረምት ነው። የነቀምቴ ክረምት ከያዘ አይለቅም፤ ጠዋት የጀመረው ዝናብ እስኪመሽ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውል ነበርና፣ እኔና ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ገመቺስ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳንወጣ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ከሰይድ ጋር ከማስቲካ የሚወጡ የኳስ ተጫዋቾች ካርዶችን ስንለዋወጥ እንውል ነበር። መለዋወጥ ከተባለ ነው። ሰፈራችን ሱቅ በሚመጣው ማስቲካ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጢማም በረኛ ብቻ ይወጣ ስለነበር፣ ሦስታችንም እፍኝ ሙሉ በረኛ ይዘን እንተያይ ነበር። በመጨረሻ ገመቺስ ሰለቸውና «ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አለ። ሰይድ ስዕል የተሰጠው ልጅ ነበር፤ በሳሙና ካርቶን ላይ ጎሽ፣ ነብርና ጉሬዛ ይስላል፣ ገመቺስ በምላጭ ይቆርጣል፤ መሳሉም ቀጥ አድርጎ መቁረጡም የማይሆንልኝ እኔ ደግሞ ደንብ አውጪ ተባልኩ። እኔን ለመገላገል የሰጡኝ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ትልቅ ሹመት ቆጠርኩት።

የመጀመሪያው ደንቤ አጭር ነበር፤ በካርዱ ጥግ የተጻፈው ጉልበት የበለጠው ያነሰውን ይበላል፣ የተበላው ካርድም የበላው ሰው ንብረት ይሆናል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ጨዋታው ተከትሎን ሄደና ልጁ ሁሉ የየራሱን ካርድ እየቆረጠ ይመጣ ጀመር። የኛ ጎሽ ጉልበቱ ሃያ ነበር፤ አንዱ ባለ መቶ ዶሮ ይዞ መጣ፣ ሌላው ባለ ሺ ዝንብ፣ ከዚያ አንዲት ልጅ ዜሮው ፊቱን ሞልቶ ወደ ጀርባው የዞረ ጉንዳን አመጣች። ቢቸግረኝ ማኅተም የሌለው ካርድ አይጫወትም ብዬ አወጅኩና፣ ግማሽ ድንች ቀርጸን በእስክሪብቶ ቀለም እየነከርን እናትም ጀመር። ድንቹ በየሦስት ቀኑ ስለሚበሰብስ ማኅተም መቀያየር ግድ ነበር፤ ሃርሜ፣ እናታችንን የምንጠራት እንዲያ ነው፣ አንድ ቀን ወጡ ውስጥ ሰማያዊ ድንች አግኝታ እኛን አንድ በአንድ ካየችን በኋላ ለኔ አወጣችልኝ። በላሁት።

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ገመቺስ ሰፈሩን ጠራርጎ በልቶ፣ ሦስት መቶ ያህል ካርድ አልጋው ሥር አከማችቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሰይድን ጎሽ በላው። ሰይድ ያን ጎሽ ቀንዱን በከሰል፣ ዓይኑን በሰማያዊ እስክሪብቶ እያደረገ ሦስት ቀን ሙሉ የሳለው ነበርና፣ ሲበላበት ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቱ እትዬ ዘሃራ በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን። ቤተሰባቸው ድሮ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሲሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ ባርሲሳ፣ መምህር ለማለት ነው፣ እያለ የሚጠራውን አባቴን በጣም ያከብሩት ነበር።

«ባርሲሳ፣ እንዴት ዋላችሁ? መቼም ከናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አላስብም» አሉ፣ «ልጄ ምሳውን ትቶ ኩርፍ ብሎ ተቀምጧል። ገመቺስ በቁማር በላኝ ይለኛል።»

ቁማር የሚለውን ቃል ሲሰማ የአባቴ ፊት ቅጭም አለ። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ እንኳን በቤቱ ካርታ ሊያጫውት፣ ካርታ ይጫወታል የሚባል ዘመድ እንግድነት ሲመጣ እንኳ ይጨነቅ ነበር። እትዬ ዘሃራን ይቅርታ ጠይቆ ከሸኘ በኋላ ካርዶቹን በሙሉ ከአልጋ ሥር አስወጥቶ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀላቸውና «ከቆሻሻው ጋር ይቃጠላሉ» አለ። ገመቺስ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሳታየው?» አልኩት።

«ምኑን ነው የማየው?»

«ጨዋታውን ነዋ፣ አባ። መበላላቱን እናስቀረዋለን፣ ያኔ ቁማር አይሆንም።»

ቀና ብሎ ቁም ሳጥኑን አየ። «ቶሌ» አለ፤ እሺ ለማለት ኦሮምኛው ነበር የሚቀናው። «ሰው የሰው ካርድ የማይወስድበት ጨዋታ እስከሚመጣው እሑድ አምጡና አየዋለሁ። ካላመጣችሁ አቃጥላለሁ።»

ያን ሳምንት አንጎሌ እስኪዞር አሰብኩ። መብላቱን ሳወጣው ጨዋታው ጨው እንደሌለው ወጥ እየሆነብኝ ነጥብ በጠጠር መቁጠርም፣ ተራ በተራ መለዋወጥም ሞከርኩ፤ ገመቺስ ሁሉንም «ካልተበላ ምን ልናገኝ ነው የምንጫወተው?» እያለ ይጥለው ነበር። እውነቱን ስለነበር ነው የተናደድኩበት። ቅዳሜ ዕለት ኡኬ አጠገብ ወዳለው የአጎታችን እርሻ በቆሎ ለማንሳት ሄድን። ዝንጀሮና ከርከሮ እየጨረሱበት ተቸግሮ አጎቴ ደቦ ጠርቶ ነበርና፣ ሠላሳ ያህል ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሎ እየዘፈነ፣ እየተሰዳደበ፣ እየሳቀ ይሽቀዳደም ነበር። ከዚያ ሁሉ በቆሎ አንዷን ራስ እንኳ ወደ ቤቱ የሚወስድ የለም፤ ግን ማንም ወደኋላ መቅረት አልፈለገም። የያዝኩትን ማዳበሪያ ጥዬ ገመቺስን ፍለጋ ሮጥኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰይድን ጠርተን አዲስ የቆረጥናቸውን ካርዶች አባቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። በአዲሱ ደንብ ሁላችንም በአንድ ወገን ነን፤ መሐል ላይ ሃያ ፍሬ በቆሎ ይቀመጣል፣ ከተገለበጠው ክምር ዝንጀሮ፣ ከርከሮና በረዶ አንድ በአንድ እየወጡ ይመጡብናል፣ ጉልበቱ ያልበቃን ጊዜ ከበቆሎው እናጣለን። ብቻውን ያቃተው የደቦ ካርድ ጥሎ ሌሎቹን ይጠራል፣ የተጠራው ሁሉ አንድ ካርድ ያበድረዋል፣ ሲያልቅ ካርዱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ጀመርን። በአንደኛው ዙር አንዲት ፍሬ አልጠፋችም፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። በመጣው ጠላት ሁሉ ደቦ እየጠራን፣ የተጠራውም በይሉኝታ ምርጥ ካርዱን እየሰጠ፣ የሚችለን ጠፋ። ገመቺስ አዛጋ። አባቴ መነጽሩን ሲያወልቅ ሳይ፣ አለቀልን ብዬ ወደ ቁም ሳጥኑ ማየት ጀመርኩ።

«ኢንተላ ኮ» አለ አባቴ፣ ልጄ ሲለኝ ነው፤ «አሁን ደቦ ጠራሽ። ምን አበላሽ?»

«እ?»

«ሰው ጠርተሽ፣ አሠርተሽ፣ ባዶ ሆዱን ልትሸኚው ነው? ይኼማ ደቦ አይደለም። ነውር ነው።»

ሃርሜ ከጓዳው በር ላይ ሆና «አንጮቴ እንኳ ቀቅለሽ አታቀርቢም?» አለች። አንጮቴ ወለጋ ውስጥ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ የሥር ተክል ነውና ኩም አልኩ። ከእርሻ የመጣን ልጆች፣ ትናንት ያን ሁሉ ስንበላ ውለን፣ ደቦን ያለ ምግብ ሠርተነው ነበር።

ስለ ቁማር ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። አባቴ ወረቀት አስመጣና የምግብ ካርዶች ከሰይድ ጋር መሥራት ያዘ፤ አንጮቴ አንድ፣ ገንፎ ሁለት፣ ንፍሮ ሦስት፣ ከዚያ በላይ የለም፤ ደቦ የሚጠራ አንዱን ያቀርባል፣ ምግቡ ያለቀበት ብቻውን ይጋፈጣል። ጨዋታው ወዲያው ነፍስ ዘራ። አሁን መቼ እንደሚጠራ፣ ለየትኛው ጠላት ምግብ እንደሚወጣ ማሰብ መጣ፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ስቦ አራተኛ ተጫዋች የሆነው አባቴ አንጮቴውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ስለምነው «ቆዪ እስቲ፣ ከርከሮው ገና ነው» ይለኝ ነበር። በመጨረሻ በረዶ መጥቶ እርሻችንን ድምጥማጡን አጠፋው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ካርዶቹን ሰብስቦ እያደባለቀ «እንደገና» ሲል ሃርሜ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ካርዶቹ አልተቃጠሉም። ገመቺስ ግን በአባቴ ትእዛዝ የበላውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ ሲመልስ ሳምንት ፈጀበት፤ በሚቀጥለው ክረምት የጨለለቂ ልጆች ተሰብስበው የሚጫወቱት የኛን ደንብ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተሳክቶልኛል፤ እንደዚያ ክረምት ግን ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እሷም ካርድ ትሰበስባለች፣ ስልክ ውስጥ። ባለፈው ወር ዓይኗ ከስልኩ አልነቀል ሲል ተናደድኩና ነጥቄያት ጨዋታውን አጠፋሁት። «እማ፣ ሁለት ወር ሙሉ የሰበሰብኩትን» ብላ ስታለቅስ «ጥናትሽን አጥኚ» አልኳት። አባቴ ካርድ የሚባል ነገር ገና ስሙ ሲነሣ የሚጨንቀው ሰው ሆኖ ሳምንት ታግሶ፣ ወንበር ስቦ፣ አሳዩኝ ብሎ ነበር። እኔ የካርድ ደንብ አውጪዋ፣ ልጄ የሰበሰበችው ምን እንደሆነ አንዴ እንኳ ሳልጠይቃት፣ ለማጥፋት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።